«ልጅዎት ዛሬ ወደቀች»

«ልጅዎት ዛሬ ወደቀች።»

ይህን ያለው ልጅቷ የምትማርበት አዳራሽ ዘበኛ ነው... የውሃ ወረፋ ላይ... ሰው ሁሉ እየሰማ።

ቆርቆሮ ቀጥቃጩ አባት ጄሪካኑን መሬት አስቀመጠ።

«ምን አልክ አንተ?»

«ወደቀች አልኩዎት። እንኳን ደስ ያለዎት።»

ወረፋው ላይ አንዲት ሴት ሳቀች። «ስኬት ልትማር ሄዳ ወደቀች?»

የሰውየው ደም ፈላ...

ሥራው ቆርቆሮ መቀጥቀጥ ነው። ተኩሱ የበሳውን ጣሪያ ይደፍናል። ጦርነቱ ከገባ ወዲህ ሥራ አጥቶ አያውቅም፤ አንድም ቀን ግን ደስ ብሎት አልሠራም።

ሚስቱን ቀብሯል። የቀረችው ይህችው አንዲት ልጅ ናት።

ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ልጅቷ ቤት ዋለች። አንድ ቀን ጎረቤቱ «እዚያ አዳራሽ በሆነው አሮጌው መጋዘን ውስጥ ስኬት ያስተምራሉ አሉ» አለችው።

እሱ ምን ያውቃል... ሕይወት እንዴት እንደሚሳካ የሚያስተምሩ መሰለው። እጇን ይዞ ወስዶ አስመዘገባት።

ለካ ስኬትቦርድ ነው።

ጎማ የተገጠመላት ጣውላ... ልጆቹ ላይዋ ቆመው የሚንሸራተቱባት።

«ፈጣሪ ይይላችሁ» ብሎ ሊመልሳት ነበር። ግን ደንባቸው መጀመሪያ ንባብና ሂሳብ፣ ከዚያ ጣውላ ነው። ትምህርቱን የዘለለ ጣውላ አይነካም። ልጅቷም እራት ላይ ጮክ ብላ ስታነብለት ልቡ ራራ... ተዋት።

እና አሁን ወደቀች? በሰው ፊት?

ቤት ሲገባ ጉልበቷ ተልጦ፣ ፊቷ ግን በርቶ አገኛት።

«አባዬ፣ ዛሬ ወደቅኩ እኮ...»

«ሰምቻለሁ። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።»

«አይ አባዬ፣ እዚያ መውደቅ ማለት...»

«ዝም በይ። እኔ እንደሆንኩ ፊደል ያልዘለቀኝ ደንቆሮ ነኝ። አንቺን የላክሁሽ እንዳትወድቂ ነበር። ከዛሬ ወዲያ ስለዚያ አዳራሽ አንዲት ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ።»

ልጅቷ የተላጠ ጉልበቷን በቀሚሷ ሸፈነች።

በማግስቱ አሰልጣኟ መጣች። ወጣት ናት። አንድ ክንዷ ተሰብሮ በደንብ ሳይጠገን ጠሞ ቀርቷል። አጥሩ ላይ ተደግፋ ተጣራች።

«ጋሼ፣ ስለ ልጅዎት ነበር...»

«ከወደቀች ወደቀች። አለቀ።»

«ኧረ ይስሙኝ እንጂ ጋሼ። ነገ ጠዋት...»

መዶሻውን አነሳና ቆርቆሮውን መቀጥቀጥ ጀመረ።

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያያል... ድምፅዋ አይሰማውም። ሆን ብሎ ነው። ቀና ሳይል ቀጠቀጠ፣ ቀጠቀጠ...

ብዙ ቆመች። ከዚያ ሄደች።

ሳምንት ሳይሞላ ከከተማው የሚያስወጣው መንገድ ተዘጋ። የመጋዘኑም ጣሪያ ተመታ። ፈጣሪ ይመስገን፣ ውስጡ ሰው አልነበረም።

ጣሪያውን እንዲደፍን ማን ተጠራ? እሱው።

ሲገባ ተፈናቃዮች በየጥጉ ምንጣፍ አንጥፈዋል። ልጆቹ የሚንሸራተቱበትን የጣውላ ዳገት ሰው ለማገዶ እየፈለጠው ነው። አሰልጣኟ ስብርባሪ ትጠርጋለች።

አፍሮ ቆመ። ቢቸግረው፣

«ልጆቹስ?» አላት።

«ሁለቱ በመኪና ሄዱ ጋሼ። የእርስዎ ልጅ ቦታ ባዶውን ሄደ።»

«የት ነው የሄዱት?»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

«ተኩስ የሌለበት ከተማ። ሌላ አዳራሽ አለን። ጎበዞቹን ወስደን ትምህርት ቤት እናስገባለን፣ ኋላም አሰልጣኝ ይሆናሉ። ይህንኑ ልነግርዎት ነበር የመጣሁት።»

«ወደቀች አላላችሁም እንዴ?»

አሰልጣኟ ግራ ገብቷት አየችው። ከዚያ ገባትና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ጋሼ... እኛ ጋ መውደቅ እኮ ማለፍ ነው። ከትልቁ ዳገት ማንም ሳይዘው ተንሸራቶ፣ ወድቆ፣ ማንም ሳያነሳው የተነሳ ልጅ... እሱን ነው ወደቀ የምንለው። መውደቅ ያልቻለ አይሄድማ፣ ይሰበርብናል። ልጅዎት ከሁሉም ቀድማ ወደቀች።»

መሰላሉን ጨብጦ ቀረ።

«አሁንስ... ሌላ መኪና...?»

«መንገድ የለም ጋሼ።»

አልወቀሰችውም። ብትወቅሰው ይሻለው ነበር።

ቤት ሲደርስ ልጅቷ ልብስ እያጠበች ነው። አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ ቃሉ እየተሰባበረበት ሁሉንም ነገራት። መኪናውን... ከተማውን... ባዶ የሄደውን ቦታ...

«አውቃለሁ» አለችው።

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

«አሰልጣኟ ስትናገር እኔ አጥሩ ሥር ነበርኩ። አንተ ስትቀጠቅጥ እኔ አጠገቧ ነኝ... ሁሉንም ሰማሁ።»

«ታዲያ ምነው አልነገርሽኝም እማዬ? ምነው?»

ልጅቷ የያዘችውን ሸሚዝ ጨመቀች። የሱ ሸሚዝ ነው። ቀና አላለችም።

«ዝም በይ አልከኝ።»

መንገዱ እስካሁን አልተከፈተም...

ወገኖቼ... ይህ አባት ልጁን ይወድ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ግን በጦርነት መሃል ልጅ የሚወጣበት በር አንድ ነው፣ እሱም ጠባብ ነው። እሱንም የዘጋው ጠላት አልነበረም። አንድ ቃል ሰምቶ፣ ሁለተኛውን ሳይሰማ የተቆጣ አባት ነው።

ልጅ ሲታዘዘን ደስ ይለናል። አንዳንዴ ግን የታዘዘን ዝምታ ራሱ ነው የሚቀጣን። እባካችሁ ጨርሰን እንስማ። ፈጣሪ ሰሚ ጆሮ ይስጠን፣ ለዚያች ልጅም መንገድ ይክፈትላት። አሜን በሉ።

እስቲ ልጠይቃችሁ... እናንተ «ዝም በል» ያላችሁት ልጅ፣ ያን ቀን ምን ሊነግራችሁ ነበር? ተመልሳችሁ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አነባለሁ...