ለቅሶ ደራሾቹ

እናቲቱ አንድ ልጇን አስረስን መንግሥት ለጦርነቱ እንዳያፍስባት ጎተራ ውስጥ ደበቀችና «ወንዝ በላብኝ!» ብላ እሪ አለች። ሬሳ ባይገኝም አገሬው አመናት። የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር ከንፈሩን መጠጠላት፤ ከንፈር መምጠጥ መቼ ያስከፍላል!

ያላሰበችው ለቅሶ ደራሹን ነበር። ለቅሶ መቅረት ነውር ነውና፣ አፈሳውን ሸሽተው ገደል ለገደል ያድሩ የነበሩት የአስረስ ባልንጀሮች አንድም ሳይቀሩ ዳሷ ውስጥ ገብተው ደረታቸውን ይደቁ ጀመር።

«ምን አመጣችሁ፣ እናንተ ጅሎች? ሂዱ!» አለቻቸው በሹክሹክታ።

«አስረስን ሳናለቅስ፣ እማማ? ሰው አይደለንም እንዴ?» አለ የጎረቤቷ ልጅ ምንይችል፣ እንባውን እየጠረገ።

አልሞተም ብትላቸው ይበተኑ ነበር። ግን ከዚያ ሁሉ አፍ አንዱን ቢያመልጠው ልጇን ይወስዱባታል። ልናገር አልናገር ስትል የመኪና ድምፅ ተሰማ፤ ወታደሮች ዳሱን ከበቡት።

«እኛም ለቅሶ ልንደርስ ነው» አለ ሊቀመንበሩ እየሳቀ።

ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርገው አስረው ጫኗቸው። መኪናው ከዓይን ሲሰወር የምንይችል እናት እየተንገዳገደች መጥታ የአስረስ እናት አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«አንቺስ ታድለሽ፣ እህቴ! እርምሽን አወጣሽ።»