አዲሱ ኮርኔል

ፈረሱ አሁንም አየር ላይ ነው። ኮረኔል ገሠሠ ካነሡት ቆይተዋል፤ እሱ ግን ስክሪኑ ላይ እየቆመ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ በቼዙ ሰሌዳ የት እንደሚያርፍ የረሳ ይመስላል። ኮረኔል ከኋላ ሶፋው ላይ ሆነው፣ ጋዜጣቸውን ሳያወርዱ፣ ባለፈው ሳምንት ይዘል እንደነበር ይናገራሉ።

ኤልዳድ ይዘል እንደነበር ያውቃል። ማን እንዳሽመደመደውም ያውቃል። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጀሞ፣ እዚሁ ሳሎን መጥቶ፣ ማንም ሳይለምነው፣ የእፀገነትን አባት ላስደምም ብሎ የኮምፒውተሩን ሲስተም፣ ሊኑክሱን፣ ያዘመነው ራሱ ነው። ሰው እጁን ሰብስቦ ቢቀመጥ ምን አለበት? ዛሬ ካላስተካከለው ሽማግሌ የመላኩ ነገር ያከትምለታል። እፀገነትም ከወጥ ቤት ብቅ እያለች የምታየው ኮምፒውተሩን ሳይሆን የአባቷን ፊት ነው።

ሁለት እጁ ኪቦርዱ ላይ ስለሆነ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ለጓደኛው ለሚሳኤል ይደውላል። ሚሳኤል የዚህ ነገር ሊቅ ነው። አንድ ጉድለት ቢኖርበት፣ ከርነል የሚባለውን የሲስተሙን እምብርት እሱ “ኮርኔል” እያለ መጥራቱ ነው።

“ግራፊክስ ካርዱ ምንም አልሆነም” ይላል ሚሳኤል። “ነገሩን ሁሉ ያንቀራፈፈው አዲሱ ኮርኔል ነው።”

ጋዜጣው ዝቅ ይላል።

ኮረኔል ገሠሠ ለዓመታት የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። በቅርቡ በተደረገው ስብሰባ ግን ወንበሩን ሌላ ጡረተኛ፣ ኮረኔል ቱሉ፣ ወሰዱባቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ውሃ ፓምፑ እንኳ ብሎ በራቸውን ያንኳኳ ሰው የለም። ነገሩ ውስጥ ውስጡን ይበላቸዋል።

“እኔም ጠርጥሬ ነበር” ይላል ኤልዳድ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። “ከሱ በፊት ምንም ችግር አልነበረም።”

“የድሮውን መልሰዋ። የትም አልሄደም፣ እዚያው አለ።”

ኮረኔል ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ሌላውም ሰው እንዲህ ይል እንደሆነ ቀስ ብለው ይጠይቃሉ። ኤልዳድ ኢንተርኔት ላይ ሰው ሁሉ እያማረረ መሆኑን ይነግራቸዋል።

“ኢንተርኔት ላይ?” ይላሉ ኮረኔል። ወዲያው ለእፀገነት፣ ልጁ ምሳ ሳይበላ እንዳይሄድ ትእዛዝ ይሰጣሉ። እስካሁን ውሃ እንኳ ያላቀረቡለት ሰው ናቸው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይላል ኤልዳድ በልቡ፤ ምን እንደተደገሰ ግን አልገባውም።

ማሽኑን አጥፍቶ ያስነሣና የድሮውን ከርነል ይመርጣል። ቼዙን ሲከፍተው ፈረሱ ዘሎ ቦታው ላይ ቁጭ ይላል።

“ሠራልህ አይደል?” ይላል ሚሳኤል። “ግን በአሮጌው እንዳትተማመን። ጊዜው አልፎበታል፣ ቀዳዳውም ብዙ ነው። የተሻለ እንደመጣ ሙልጭ አርገህ አጥፋው።”

ኤልዳድ ዞር ሲል ኮረኔል ቆመዋል፤ ጋዜጣው ወለሉ ላይ ወድቋል። ነገሩ ሁሉ የሚገባው ያኔ ነው፣ ምሳውም ጭምር።

ስልኩን ይዘጋዋል። ምስጋናውን ለእሳቸው ትቶ ስድቡ ብቻ የማሽኑ ነው ማለት ይችላል፤ ለቀረው ዝም አይነቅዝም። ግን የሰውየው ፊት የስብሰባው ውጤት አሁን የተነገራቸው ነው የሚመስለው። አንጀቱን ይበሉታል፤ እንዲህ ሆነው እያየ ሊያታልላቸው አይችልም።

“ጋሼ፣ እኛ የምናወራው ስለ ኮምፒውተሩ ነው። ከርነል የሚባል ነገር አለው።”

“የድሮውን መልስ ያለውም?”

“እሱም፣ ጋሼ። ያበላሸሁትም እኔው ነኝ።”

ኮረኔል ተመልሰው ይቀመጣሉ። ጋዜጣውን ያነሣሉ፤ ያስቀምጡታል። ሊቆጡ ይሞክራሉ፤ አይሆንላቸውም።

“ኢንተርኔት ላይ ሲባል እንኳ መጠርጠር ነበረብኝ” ይላሉ፣ ለራሳቸው ያህል። ከዚያ ቀና ብለው ልጁን ከእግር እስከ ራሱ ያዩታል።

“ሽማግሌ ስትልክ፣ ያ ስልክ ውስጥ ያለው ልጅ አብሮ እንዳይመጣ።”

ወጥ ቤት ውስጥ የድስት ክዳን ወድቆ ሲንከባለል ይሰማል። የሚያነሣው ሰው የለም።