በላይፍ ጃኬት ላይ መቀነት

ያልተማረ ሰው መቼ ምክር ይሰማል! ጠዋት አሜሪካ ካለችው ፌርፋክስ ከተማ ወደ ባሕር ሲነሱ የአሮጊቷ የልጅ ልጅ ሮሐ፣ «እማማ፣ ካያክ ላይ ደግሞ መቀነት? ኧረ ፍቺው፣ ሰው ይስቅብናል» ብላት ነበር። አሮጊቷ ግን ውሃ ላይ በሚያንሳፍፈው ላይፍ ጃኬት ላይ ጥብቅ አድርጋ ታጠቀችው።

አሁን ካያኩ፣ ያቺ ጠባብ የቀዘፋ ጀልባ፣ ተገልብጦ፣ ሁለቱም እንደ በረዶ በቀዘቀዘው ባሕር ውስጥ የካያኩን ገመድ ይዘው ይንቀጠቀጡ ነበር። አሮጊቷ የሮሐ ጣቶች አንድ በአንድ ከገመዱ ሲላቀቁ አየች። ከለቀቀች ማዕበሉ ይወስዳታል።

«እማማ፣ እጄ አይሰማኝም።»

«ባይሰማሽም ያንቺው ነው፤ አምጪው!»

መቀነቷን ፈትታ የልጅቷን አንጓ ከገመዱ ጋር ጠፍራ አሰረችው፤ ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀችው።

የነፍስ አድን ጀልባ ሲደርስ አንዱ ሠራተኛ ቢላውን መዝዞ ሊቆርጠው መቀነቱን ያዘ። አሮጊቷ እጁን መታችው።

«ሮሐ፣ በእንግሊዝኛ ንገሪው! ገመዱን ይቁረጥ እንጂ መቀነቴን እንዳይነካ። እጅሽ ሲሞቅ አንቺው ትፈቺዋለሽ!»