የዋሻው ቅል

ከደብረ ብርሃን የመጣችው ተመራማሪ ከዋሻው በር የተለቀመውን የውሃ ቅል ከሽማግሌው እጅ ተቀብላ ወደ ብርሃን አዞረችው። አንገቱ ከስሏል። የምታጠናው በጦርነቱ ጊዜ ጣሊያኖች እሳት የሚተፋው መሣሪያቸው ቶሎ እንዲቀጣጠል እንዴት አድርገው እንዳሻሻሉት ነበር። እዚህ አንኮበር ገደል ላይ የመጀመሪያው ርጭት በብርዱ ሳቢያ ሳይነድ መቅረቱን ታውቃለች፤ በጥናቷም “የከሸፈ ሙከራ” ብላ አልፋዋለች።

“አባባ፣ እሳቱ እምቢ ሲላቸው ዋሻው ውስጥ የተደበቁት ሰዎች ለማምለጥ ጊዜ አላገኙም?” ስትል ረጋ ብላ ጠየቀች፤ ጣቷ የቅሉን ስንጥቅ ይዳስሳል።

“ከዋሻው የተረፈችው እናቴ እንደነገረችኝ ጊዜስ ነበር” አሉ ሽማግሌው። “ጣሊያኖቹ ምንጩን ከያዙባቸው ግን ሰንብቷል፤ የሁሉም ጉሮሮ ደርቋል። መሣሪያው የሚረጨውን ናፍጣ ደግሞ አይተውም አሽትተውም አያውቁ። በጨለማው እንደ ካፊያ ሲወርድባቸው ዝናብ መሰላቸው።”

ጣቷ ስንጥቁ ላይ ቆመ።

“ቅል ያለው ሁሉ ሊቀዳ ወደ በሩ ተጋፋ፤ መሣሪያው የነደደው ያኔ ነው። እናቴ ቅል አልነበራትም።”