የክርስቲያን ካርድ

እስቲ አርፋችሁ ተቀመጡ። ክርስቲያን፣ እግርህን አታወዛውዝ፤ የማወራው ስላንተ ነው። ቤዛ፣ እንደማወራው ጻፊው፣ አታሳምሪው።

ይሄ ልጅ ሲወለድ አንቺ አምስት ዓመትሽ ነበር። እናትሽ ዕፀገነት በሰላም ተገላገለች፤ እኔ እህቷ ደግሞ የልደታን ጎረቤት በሙሉ ጠርቻለሁ። በማግስቱ ጠዋት ገንፎው ተገንፍቷል፣ እልል የሚሉት ሴቶች ደጁን ሞልተውታል። ላዳ ተኮናትረን ከሆስፒታል ልናመጣቸው ሄድን። አያታችሁ እማማ ወለተሰንበት ብርድ ልብሱን ታቅፈው ላዳው ውስጥ ቀሩ። እናትሽ ሽንት ቤት ልብሷን ትቀይራለች። ነርሷ የመውጫ ካርዱን ስትሞላ ሁለት ሦስት ነገር ጠየቀች፤ ተመለሰላት፤ ወጣን።

ማታ ላይ ልጁ የጠባውን መለሰው። ሕፃን ነው፣ ይመልሳል አልን። ሲነጋ ያስመለሰው ግን አረንጓዴ፣ የተፈጨ ጎመን የመሰለ። ሆዱ ከበሮ አክሏል። ማልቀስ እንኳ አቅቶት ይቃትታል።

እኔ ወዲያው እማማን ነው ያየሁት። ከወልቂጤ ሲመጡ ለጋ ቅቤ ይዘው ነበር።

"እማማ፣ ቅቤ አቅምሰውታል አይደል?"

"ኧረ በማርያም፣ ልጄ። ለእናቲቱ ራስ ብዬ ነው ያመጣሁት።"

"እሱን ለዶክተሩ ይንገሩት።"

ሆስፒታል ስንደርስ ጀይላን የሚባል ቀጭን ዶክተር ተቀበለን። አረንጓዴ የሆነውን ጨርቅ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ሆዱን ዳበሰ፣ ቶሎ ራጅ አስነሳው።

"ቅቤ አብልተውት ነው ዶክተር። እሳቸው ናቸው" አልኩ፣ በጣቴ እያሳየሁ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡ።

"የቅቤ ነገር አይደለም" አለ ጀይላን ራጁን ይዞ ሲመለስ። "አንጀቱ ተዘግቶ ነው የተወለደው። አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ይገባል፤ ይተርፋል ብዬ ግን ቃል አልገባም፣ በጣም ደክሟል። እንዲህ ዓይነት ልጅ እኮ ካካ አይልም። ያን ቢነግሩን ትናንትናውኑ እናውቀው ነበር።" ካርዱን ገለጠ። "እዚህ 'ካካ ብሏል' ተብሎ ተጽፏል። ማነው እንዲህ ያለው?"

አባትሽ ገብረየሱስ አንድ በአንድ አየን።

"እኔ ነኝ" አሉ እማማ። "እርጅና ነው፣ ተሳስቼ ነው።"

ልጁ እግዜር ይመስገን ዳነ፤ ይኸው ጠባሳው። ገብረየሱስ ግን እናቱን ሦስት ወር አላናገራቸውም። እኔ በየለቅሶው በየማኅበሩ "አሮጊቷ ልጅ ልትገድልብን ነበር" እያልኩ አወራሁ። አንቺም ቤዛ፣ ከእሳቸው እጅ ብስኩት አልቀበልም ትዪ ነበር። ማን እንዳስተማረሽ ታውቂያለሽ። እሳቸው ብስኩቱን መልሰው ኪሳቸው ይከቱታል።

ስምንት ዓመት እንዲሁ። አሁን አልጋ ከያዙ ወር ሆናቸው፤ ሳያልፉ ይሄ ነገር ይጻፍ ብዬ ነው ያስቀመጥኳችሁ። ብዕርሽን አታቁሚ።

ለነርሷ "አዎ፣ ሁለቴ ብሏል" ያልኳት እኔ ነኝ፣ ገንፎው እንዳይቀዘቅዝ ብዬ፤ እማማ ደግሞ ዶክተሩ ሲጠይቅ ኮሪደሩ ላይ ወደ ኋላ ሳፈገፍግ አይተው ጥፋቴን... አቤት እማማ፣ መጣሁ፣ ትራስዎን ከፍ ላድርግልዎ።