ሦስት ነዕማ በአንድ ፎልደር

ዲሳሳ «ኢንተር» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ወንበሩን ተደገፈ። የኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ የፋይል ስሞች እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይወርዳሉ። የፎቶ ቤቱ ዲስክ ሞልቶ አላሠራ ሲለው ነው ይህቺን ትእዛዝ የጻፈው፤ ፎልደሮቹን በየተራ ትከፍታለች፣ ፎቶዎቹን ታሳንሳለች፣ «ሁሉም» ወደሚባል አንድ ፎልደር ትከታለች፣ የቀድሞዎቹን ትሰርዛለች። መብራቱ ከጠዋት ጀምሮ ሲሄድ ሲመጣ አሰልችቶታል፤ ዓይኑ ይቆጠቁጠዋል።

«ደረሰ?» አለች ነዕማ ከአግዳሚው ላይ። ከሆሞሻ የመጣችው ለአንድ ፎቶ ነው፤ ከእናቷ ጋር እዚሁ፣ ፏፏቴው ከተሳለበት መጋረጃ ፊት የተነሱት። እናቷ ባለፈው ረመዳን ሞተዋል። ግድግዳ ላይ የነበረው ፎቶም ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል።

«አሁን፣ እህቴ።»

ትእዛዙ አለቀ። «ነዕማ» ብሎ ፈለገ፤ አንድ ብቻ ወጣ። አንዲት ሌላ ልጅ ከመጋረጃው ፊት ብቻዋን ቆማ ትስቃለች።

ክው አለ። ፎልደሮቹን በከተማ ለይቷል፤ ሆሞሻ፣ ባምባሲ፣ አሶሳ። ፎቶውን ግን በደንበኛው ስም ብቻ ነው የሚሰይመው፤ እዚህ የአባት ስም መጠየቅ ፖሊስ ያስመስላል። በየፎልደሩ ደግሞ አንድ አንድ ነዕማ ነበረች። ትእዛዙ በፊደል ተራ ሄዶ የሆሞሻዋን አስቀድሞ አስገባ፤ ስሟ አንድ ስለሆነ የባምባሲዋ ደመሰሰቻት፣ የባምባሲዋን ደግሞ የአሶሳዋ። የካሜራው ካርድማ እነነዕማ ከተነሱ ወዲህ ስንት ጊዜ ተደምስሶ ስንት ሠርግ ተነስቶበታል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ ይህ ግን የሚለቀም አልነበረም።

ነገ ነይ ሊላት ቃጣው። ለውሸትም ጉልበት አጣ።

«እህቴ፣ ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

መጥታ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አለች። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፤ ወንድና ሴት አትለይበትም። «ይሄ እኔ አይደለም።»

«ሌላ ነዕማ ናት። ስማችሁ አንድ ስለሆነ የእሷ ያንቺን አጠፋው።»

«እናቴ ኸላስ፣ አለቀ፣ የለም?»

«የለም።»

ብትጮህበት በወደደ። እሷ ግን የልጅቷን ጉንጭ በጣቷ ነካች።

«ይሄ ነዕማ፣ እናት አለው?»

«እኔ እንጃ።»

«የሱን አታጥፋ» አለችና ሻርፗን አጥብቃ ወደ ሆሞሻ መኪና ወጣች።

የጣቷ አሻራ ስክሪኑ ላይ ቀርቷል። ዲሳሳ መጥረጊያውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።