ከመስታወቱ በር ውጭ የቆመው ውሻ

"አይገባም አልኩ፣ አይገባም..."

እትዬ ማንተግቦሽ በሰው አገር፣ ታርኔት የሚባል ሰፈር ያለው ቤታቸው በር ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

ፊት ለፊታቸው ልጃቸው እዮብ... ከጎኑ ደግሞ አንድ ከሲታ፣ ረጅም፣ የኋላ እግሩን የሚያነክስ ውሻ።

"ማሚ፣ የውድድር ውሻ ነው። እግሩ ተሰበረና መሮጥ አቆመ። ሰው ካልወሰደው በመርፌ ሊገድሉት ነው።"

እዮብ ቅዳሜና እሁድ ሜልተን አካባቢ የሩጫ ውሾች የሚያሠለጥን ሰው ዘንድ ጽዳት ይሠራል።

ሲያሸንፉ እንደሚጨበጨብላቸው፣ ሲሰበሩ ደግሞ ምን እንደሚሆኑ አይቷል...

"አሳዝኖኛል ልጄ" አሉ እትዬ። "ግን ሥዕለ አድኅኖ ባለበት ቤት ውሻ? አባ ታዴዎስ ምን ይሉኛል?"

አባ ታዴዎስ የንስሐ አባታቸው ናቸው። በየወሩ እየመጡ ቤቱን ጠበል ይረጩላቸዋል።

"እሺ ጋራዥ ይደር።"

"ጤፍና በርበሬ አለበት።"

የሐበሻ ጋራዥ ታውቁታላችሁ... ከመኪና በስተቀር ሁሉም ይገባበታል።

"ማሚ፣ ይሄ እንደ አገር ቤት ውሻ አይደለም። ፀጉሩ ስስ ነው፣ ብርድ አይችልም።"

"ውሻ ውጭ ነው የሚያድረው። ከበረደው ይጮኻል፣ ያኔ እናያለን።"

ውሻው ግን አልጮኸም...

እትዬ ክፉ ሴት አይደሉም። ሥጋውን ከወጥ እየለዩ ያበሉታል፣ "አንተ ምስኪን" እያሉ ጆሮውን ያሹለታል።

እሱም ከበላ በኋላ የሳሎኑ መስታወት በር ጋ ቆሞ ወደ ውስጥ ያያል። አይቧጭርም፣ አያላዝንም።

አባ የመጡ ቀንም እንዲሁ ቆሞ አያቸው።

እትዬ አፈሩና መጋረጃውን ሳቡት።

ጁላይ ላይ፣ በዚያ አገር ብርዱ በሚበረታበት ወር፣ ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ... እዮብ ሰንሻይን ሰፈር ያለ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ደብል ሺፍት ይዞ ቤት የሚመጣው ለመተኛት ብቻ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እትዬ ምግብ ይዘው ወጡ። ውሻው በሩ ሥር ተጠቅልሎ ተኝቷል።

"አንተ ምስኪን... ተነስ እንጂ።"

አልተነሳም።

"ለምን አልጮኸም?" እያሉ አለቀሱ።

"እዚያ አሠልጣኙ ጋ በሚቆለፍበት ሳጥን ውስጥ ሲያለቅስ የሚመጣለት ሰው አልነበረም" አለ እዮብ። "ማልቀሱን ከተወው ቆይቷል ማሚ።"

በሳምንቱ አባ ታዴዎስ መጡ። በእጃቸው መስቀል፣ በብብታቸው ደግሞ የታጠፈ ብርድ ልብስ ይዘዋል።

"ውሻው የታለ?" አሉ ገና ሳይቀመጡ።

"አባ... ሞተ።"

አባ ብርድ ልብሱን እንዳቀፉ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

"ባለፈው በመስታወቱ ሲያየን አንጀቴን በላው" አሉ። "ሱዳን የስደተኞች ካምፕ ሳለሁ ውጭ አድሬ አውቃለሁ። አስገቢው ልልሽ ነበር... የሰው ቤት ነው ብዬ ዝም አልኩ።"

"እኔ እኮ እርስዎን ፈርቼ ነው አባ።"

"እኔም አንቺን አፍሬ ነው ልጄ..."



ወዳጆቼ... ሰዎች እስኪሰበር አስሮጡት። የሚወዱት ሁለት ሰዎች ደግሞ በይሉኝታ ውጭ አስቀሩት።

"ምን ይሉኛል" ብለን በር ከመዝጋታችን በፊት አንዴ እንጠይቅ። ዝም ያለ ሁሉ ደግሞ ተመችቶታል ማለት አይደለም።

እናንተስ... ሰው ምን ይለኛል ብላችሁ ውጭ ያስቀራችሁት ማንን ነው? አሁንስ በሩ ላይ አለ?

ኮሜንት ላይ ንገሩኝ... አነባለሁ።